ወራጅ አለ

ጥሩዬ እምቢ ካለች እምቢ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ሶዶ ውስጥ ካለ፣ ገና ዛሬ ጠዋት መነኻሪያ የወረደ እንግዳ መሆን አለበት። ባሏ የሞተባት ጊዜ ዘመድ ተሰብስቦ፣ «ባጃጇን ሽጪና ሱቅ ክፈቺበት» ቢላት፣ «እነዳታለሁ እንጂ አልሸጣትም» አለች። «ሴት ባጃጅ ስትነዳ የት ታይቷል?» ሲሏት ደግሞ፣ «ባጃጇስ ሴት አይደለች? እኔና እሷ አንጣላም» ብላ ቁልፉን ካማቷ እጅ ነጥቃ ወጣች። የዚያን ቀን ከመነኻሪያ እስከ አራዳ ድረስ ሰው ቆሞ አያት። በሳምንቱ ማንም አልቆመም፤ ተሳፍሮ ሄደ እንጂ።

ያቺ ባጃጅ ዛሬ አርጅታለች። ቀለሟ ተልጧል፣ አንድ ዓይኗ በፕላስተር ተይዟል፣ ስሟም «አሮጊቷ» ነው። ጥሩዬ ከእሷ ሌላ ሁለት ባጃጆችና መነኻሪያው ጀርባ አንድ ጠባብ ጋራዥ አሏት። ልቧ ግን ያለው አሮጊቷ ጋ ነው፤ ምክንያቱም በየዓመቱ እሽቅድምድም የምትገባው አሮጊቷ ናት።

እሽቅድምድሙ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ አሮጌው ዓመት ሳይሸኝ፣ ከዳሞታ ተራራ ሥር ባለው ሜዳ ላይ ነው የሚደረገው። ባጃጅ እንደምታውቁት ሦስት እግር ናት። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ እንደ ልቧ ትሮጣለች፤ ኩርባ ስታገኝ ግን እንደ ሰካራም ጎኗን ትሰጣለች። ስለዚህ የሚወዳደር ሹፌር ከኋላው አንድ ሰው ይጭናል። ያን ሰው «ሚዛን» ይሉታል። ሥራው ባጃጇ ወደምትታጠፍበት በኩል ከወገቡ በላይ ወደ ውጪ ተንጠልጥሎ፣ ክብደቱን እዚያው ጥሎ፣ ጎማው ከመሬት እንዳይነሳ መያዝ ነው። ቀጭን ሰው ለሚዛን አይሆንም። ጥሩዬ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ሲሰጥ አይሰስትምና፣ ለሚዛንነት የተፈጠረች ሴት ናት።

ሹፌሯ ኤልሳዕ ይባላል። የተበላ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ መሪ ሲይዝ ግን ሌላ ሰው የሚሆን። እሱ ከፊት እሷ ከኋላ ሆነው ሁለት ዓመት በተከታታይ ዋንጫውን በልተዋል። ዋንጫው ጋራዡ መደርደሪያ ላይ፣ ከሞተር ዘይቱ ጣሳ አጠገብ ተቀምጧል። ደንቡ፣ ሦስት ዓመት ሳያቋርጥ ያሸነፈ ቡድን ዋንጫውን ለዘላለም ያስቀራል ይላል። ጥሩዬም ለገባ ለወጣው ሁሉ፣ «ዘንድሮ ይኸንን ዋንጫ በምስማር ነው የምመታው። ከቤቴ አይወጣም» ስትል ነበር የከረመችው።

ኤልሳዕ አንድ ጉድ አለበት። አማርኛ የለመደው ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ነው። ሌላው ሁሉ ሲገባው ግራና ቀኝ ብቻ ተዟዙረው ቀሩበት። ተሳፋሪ «ወደ ቀኝ ታጠፍልኝ» ካለው ወደ ግራ ይታጠፋል። ጓደኞቹ «ኤልሳዕ ጋ ከተሳፈርክ የቤትህን ተቃራኒ ንገረው፤ በርህ ላይ ያወርድሃል» እያሉ ይስቁበታል። በወላይትኛ ግን ፈጽሞ አይስትም። ለዚህ ነው እሱና ጥሩዬ ውድድር ላይ አማርኛ የማይነጋገሩት። «ኡሻቻ!» ሲላት ቀኝ ትንጠለጠላለች፣ «ሀዲርሳ!» ሲላት ግራ። አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም።

ሌላው ጉድ ደግሞ የእሱ ብቻ አይደለም፤ የባጃጅ ነጂ ሁሉ በሽታ ነው። «ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ ከሰማ፣ ጆሮው ከጭንቅላቱ ጋር ሳይማከር እጁ ነዳጅ ይለቃል፣ መሪው ወደ ቀኝ ጠርዝ ይወጣል፣ እግሩ ፍሬን ይረግጣል። የቃሪያ ዳጣ የምትሸጠው የጥሩዬ ጎረቤት ትዕዛዝ ልጇን ስትድር፣ አንዱ ተረበኛ ከዳሱ ኋላ ሆኖ «ወራጅ አለ!» ብሎ ቢጮህ፣ አግዳሚው ላይ ተደርድረው ይበሉ የነበሩት ባጃጅ ነጂዎች እኩል መሬት ረገጡ። የኤልሳዕ ሳህን ሙሽራው ጫማ ላይ ተደፋ። ጥሩዬ ስቃ ስቃ እንባዋ መጣ፤ ከዚያ ዝቅ ብላ ብታይ የራሷም እግር ወደፊት ተዘርግቷል።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ እያለ ነው አንድ ጠዋት ኤልሳዕ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ጋራዡ በር ላይ የቆመው። ሌላ ቀን ሲመጣ እየዘፈነ ነው የሚመጣው። የዚያን ቀን ግን በር ላይ ቀረ።

«ምነው እንደ ሙሽራ ለበስክ?» አለችው ጥሩዬ፣ ካንዴላ እየጠረገች።

«እትዬ፣ ጋሽ ኤርሳዶ አዲስ ባጃጅ አስመጥቷል። ገና ላስቲኩ ከወንበሩ ላይ አልተነሳም።»

ኤርሳዶ የመለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ «ነበልባል» የሚባል ቡድን አለው። ቡድኑ በየዓመቱ ይነድዳል ይባላል፣ ግን እስካሁን ያሞቀው ሰው የለም።

«እንኳን ደስ አለው» አለች።

«ንዳልኝ አለኝ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«እሺ አልኩት» አለ ኤልሳዕ፣ ሸሚዙን እየተመለከተ።

ጥሩዬ ካንዴላውን አስቀመጠች። አነሳችው። እንደገና አስቀመጠችው።

«እትዬ፣ አትቆጪ። አሮጊቷ አበቃላት እኮ! ዳገት ላይ ታስላለች፤ ኩርባ ላይ ትንቀጠቀጣለች።»

«አሮጊቷ ስትል ባጃጇን ነው እኔን?»

«ባጃጇን ነው እትዬ! ኧረ በስመአብ!» ኤልሳዕ የጴንጤ ልጅ ነው፤ ሲደነግጥ ግን ያገኘውን ነው የሚይዘው። «እኔ ማሸነፍ እፈልጋለሁ። ሦስት ጊዜ ያሸነፈ ሹፌር እስካሁን የለም። የመጀመሪያው እኔ ልሁን ብል ኃጢአት ነው? ፎቶዬንም አደባባዩ ላይ ሊሰቅለው ነው።»

«ፎቶህን? ያንተን ፊት ለማየት ሰው ቀና ማለት አለበት? እዚህ በነጻ እናየው የለም ወይ?»

«አንቺም ነይ። ለጋሽ ኤርሳዶ ነግሬዋለሁ፤ ሚዛኔ ትሁን ብሏል። አንቺ ከኋላዬ ካለሽ፣ በዚያች ባጃጅ ላይ፣ ማን ይደርስብናል?»

እውነት ለመናገር ጥሩዬ ለአንዲት ትንፋሽ ያህል አሰበችው። አዲሲቷ ባጃጅ በዓይኗ መጣችባት። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ዞረች፤ ዋንጫው በዘይቱ ጣሳ አጠገብ ቆሞ ያያታል።

«የሰው ባጃጅ ላይ ተንጠልጥዬ የራሴን ዋንጫ ላስወስድ?» አለች። «እምቢ። ቁልፉን እዚያ ጋ አስቀምጥ።»

«እትዬ…»

«አስቀምጥ አልኩህ። ያጎረስኩት እጄን ነከሰው አልልም፤ ትልቅ ሰው ነህ፣ ሂድ ንዳ። ግን ዋንጫው ከዚህ መደርደሪያ አይነሳም።»

«ማን ሊነዳልሽ ነው?»

«እኔ ነኛ! ማን መሰለህ?»

ኤልሳዕ ሊስቅ ከንፈሩን ሲከፍት ፊቷን አየና ዘጋው። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሄደ። ጥሩዬም አላለቀሰችም። ዓይኗን በዘይት እጇ አሸችው እንጂ፣ ቀኑን ሙሉ የቀላው በዘይቱ ነው።

ሹፌር ተገኘ፤ ሚዛን ጎደለ። ጥሩዬ ሩቅ አልሄደችም። ትዕዛዝ ደጃፏ ላይ ቃሪያ ስትቀነጥብ አገኘቻትና ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ምነው እንደ በሬ ገዢ አየሽኝ?» አለች ትዕዛዝ።

«ስንት ኪሎ ትሆኛለሽ?»

«አንቺ ስንት ትሆኛለሽ? ባለጌ!»

«ተነሺ፣ ሚዛን ልትሆኚኝ ነው።»

«እኔ? ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብዬ እንኳ ያዞረኛል!»

«ቁጭ አትይም፤ ትንጠለጠያለሽ። ተንጠልጥሎ ያዞረው ሰው አላየሁም።»

ትዕዛዝ መቶ ጊዜ እምቢ አለች። ጥሩዬ አንድ ጊዜ ብቻ እምቢ አለች፤ እሱ በቃ። በማግስቱ ሜዳው ላይ ሁለቱ ሴቶች አሮጊቷን ይዘው ሲዞሩ ታዩ። ትዕዛዝ ዓይኗን ጨፍና ማርያምን ትጠራለች። ኩርባው ሲመጣ ጥሩዬ ትጮህላታለች፤ ትዕዛዝ ዓይኗን ሳትገልጥ ወደተባለችበት ትወድቃለች። እንደ ጤፍ ጆንያ ነው የምትወድቀው። ግን ትወድቃለች፤ ለሚዛን የሚፈለገው እሱ ነው።

ጥሩዬ ደግሞ አንድ ያላሰበችው ነገር ገጠማት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከኋላ ተንጠልጥላ የኤልሳዕን ጀርባ ስታይ ስትኖር፣ መሪ የሚሰጠውን ደስታ ረስታው ነበር። አሮጊቷ ዳገቱ ላይ ታስላለች፣ እውነት ነው። ግን የትኛውን ሳል በየትኛው ማርሽ ማስታገስ እንደሚቻል ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? ነፋሱ ፊቷን ሲመታት ሻሿ ይወልቅና ትዕዛዝ ፊት ላይ ይጠመጠማል። ትዕዛዝ ትጮሃለች፤ ጥሩዬ ትስቃለች።

ሦስት አራት ቀን እንዳለፈ ትዕዛዝ ከገበያ ወሬ ይዛ መጣች።

«ኤርሳዶ ሚዛን አገኘ። መልካሙ የሚባል የሐዋሳ ልጅ ነው። ብረት የሚያነሳ፣ ክንዱ የእኔን ወገብ የሚያህል።»

«ይሁና። ወላይትኛ ይችላል?»

«ከየት አምጥቶ! የሐዋሳ ልጅ ነው እያልኩሽ።»

«ታዲያ ከኤልሳዕ ጋር በምን ሊግባቡ ነው?»

«በአማርኛ ነዋ!»

ጥሩዬ የተጠበሰ በቆሎ እየፈለፈለች ነበር። እጇ ቆመ። ከዚያ ሳቅ ጀመረች። በቆሎው ወደ አንዱ ወገን፣ እሷ ወደ ሌላው ወገን ወደቁ።

«በአማርኛ! ግራ! ቀኝ! ኧረ በሞትኩት!»

ትዕዛዝም ገባትና አብራ ሳቀች፤ ቶሎ ግን አቆመች። «አንቺ፣ ንገሪያቸው እንጂ። ይገለበጣሉ።»

«እኔ? ምን በወጣኝ! ጠይቀውኛል? ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እኔ በደብዳቤ ልጻፍላቸው?»

«ቀስ ብለው ሲለማመዱ ላይታይ ይችላል። ቀኑ ሲደርስ፣ ደሙ ሲሞቅ ግን…»

«ደሙ ሲሞቅ ይገለበጣላ። ጭቃ ነው፤ ጭቃ ሰው አይገድልም። እኔ በጎኑ አልፌ ዋንጫዬን እወስዳለሁ።»

«ጊፋታ እየመጣ ነው ጥሩዬ። ቂም ይዘሽ ልትሻገሪ ነው?»

«እታረቃለሁ። ዋንጫዬን ይዤ እታረቃለሁ።»

ይህን ብላ በቆሎዋን መፈልፈል ቀጠለች። ግን አልጣፈጣትም። «ጭቃ ሰው አይገድልም» የሚለውን ነገር በዚያ ሳምንት ማንም ሳይጠይቃት ደጋግማ ስትናገር ተሰምታለች። አንድ ጊዜ ለተሳፋሪ፣ አንድ ጊዜ ለጎማ ነጋዴ፣ አንድ ጊዜ ለአሮጊቷ።

የውድድሩ ቀን ዋዜማ ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ፀሐይ ወጣና ሜዳው እንደ ገንፎ ሆነ። ሰዉ ከየቦታው ጎረፈ፤ ከአረካ፣ ከቦዲቲ፣ ከተበላም በሚኒባስ ተጭኖ የመጣ ነበር። ስድስት ባጃጆች ተሰለፉ። ዳኛው አብርሃም የሚባል አስተማሪ ነው፤ ድምፅ ማጉያ ይዞ በርሜል ላይ ቆሟል። ከዳር በኩል የቦምቤው ዳልጮ አለ፤ በየዓመቱ ይመጣል፣ በየዓመቱ መጨረሻ ይወጣል። ባጃጁ ማርሚታዋ ከወለቀ ቆይቷል፤ ድምፅዋ እንደ ወፍጮ ነው። ሰው ሲያነጋግረው «አቤት?» እያለ ጆሮውን ያቀርባል።

የኤርሳዶ አዲስ ባጃጅ ቀይ ናት፣ ታበራለች። ኤልሳዕ መሪው ላይ፣ መልካሙ ከኋላ። ኤርሳዶ ራሱ ነጭ ባርኔጣ አድርጎ ከጎናቸው ቆሟል።

«ወይዘሮ ጥሩዬ» አለ፣ «አሮጊቷ መንገድ ላይ ከሞተች ተዝካሩን እኔ አወጣለሁ።»

«ለባርኔጣህ እዘንለት» አለች ጥሩዬ። «ዛሬ ጭቃ ነው።»

ኤልሳዕ ሰላም ሊላት አንገቱን ሰበረ። እሷ ወደ ፊት አየች። ባለፈው ዓመት በዚህች ሰዓት፣ በዚህች ቦታ፣ ከኋላው ሆና ትከሻውን መታ «አይዞህ» ብላው ነበር። እጇ አሁንም ሊነሳ ሲል በመሪው ላይ አጥብቃ ያዘችው።

አብርሃም ፊሽካውን ነፋ።

አምስት ዙር ነው። ከመነሻው እስከ ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ከዳገቱ ቁልቁል ሲወረድ «እባቡ» የሚሉት ቦታ ይመጣል፤ መጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ግራ የሚጠመዘዝ። ያሸነፈ እዚያ ነው የሚያሸንፈው፤ የወደቀም እዚያ ነው የሚወድቀው። መሬቱ በቀኝ በኩል ሰፊ ሣር ስለሆነ ተመልካቹ ከሣሩ ማዶ ገመድ ይዞ ይቆማል።

ቀዩዋ ባጃጅ እንደ ፍየል ዘልላ ወጣች። አሮጊቷ ሦስተኛ ነበረች። በሁለተኛው ዙር ጥሩዬ እባቡ ላይ አንዱን አለፈችና ሁለተኛ ሆነች። ትዕዛዝ ትወድቃለች ትነሳለች፣ «ማርያም! ማርያም!» ትላለች። ሰዉ «ጥሩዬ! ጥሩዬ!» እያለ ያብዳል። ከፊት ኤልሳዕ አለ። ቀጥታው ላይ ይርቃታል፤ ኩርባው ላይ ትደርስበታለች። እስካሁን አልተሳሳተም። ሲጮህ ትሰማዋለች፤ «ቀኝ!» ይላል፣ ቀኝ ይታጠፋል፤ «ግራ!» ይላል፣ ግራ ይታጠፋል። ሰው በጥንቃቄ የሸመደደውን መዝሙር እንደሚዘምር፣ ቃሉን እየቆጠበ ነው የሚጠራው። «ተምሮልኝ መጣ» አለች ጥሩዬ በሆዷ፣ ተናደደች። ደግሞ ደስ አላት። ከዚያ ደስ ስላላት ተናደደች።

አምስተኛው ዙር መጣ። ዳልጮም ዙር ሳይቀደም፣ እንደምንም ከመጨረሻው ጭራ ይዞ እየተንጓጓ ይከተላል። ዳገቱ ጫፍ ላይ ጥሩዬ ማርሽ ቀይራ አሮጊቷን ለቀቀቻት፤ ቁልቁለቱ ላይ የፊት ጎማዋ የቀዩዋን ጭራ ሊነካ ደረሰ። ኤልሳዕ በመስታወት አያት። ዓይኑ በራ። ያን ዓይን ታውቀዋለች፤ ደሙ ሞቀ ማለት ነው።

ቀኙን ኩርባ በደህና ወጣው። ጭቃው ተረጭቶ የመልካሙን ፊት ሸፈነው፤ ልጁ የሚያየው ነገር የለም፣ ጆሮው ብቻ ነው የቀረው። ኤልሳዕ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘና በሙሉ ጉሮሮው ጮኸ፦

«ቀኝ!»

መልካሙ ታዛዥ ልጅ ነው። ያን ሁሉ ክንድና ደረት ይዞ ወደ ቀኝ ተንጠለጠለ። የቀዩዋ ባጃጅ የግራ ጎማ ከመሬት ተነሳ። አንድ ስንዝር፣ አንድ ክንድ። ወደ ቀኝ ልትገለበጥ ነው፤ መልካሙ ደግሞ ጭንቅላቱን ከታች አድርጎ ጭቃው ላይ ሊደርስ ነው፣ ከላይ ብረቱ።

በግራ በኩል መንገዱ ወለል ብሎ ተከፈተ። ጥሩዬ አየችው። ሳምንቱን ሙሉ ስትጠብቀው የነበረ ቀዳዳ ነው፤ እጇን ማዞር ብቻ ነው የቀራት። ዋንጫው መደርደሪያው ላይ፣ ምስማሩ መሳቢያ ውስጥ፣ ሁሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። የልጁን ጭንቅላትም አየችው። የኤልሳዕን ቀጭን ጀርባም አየችው፤ ሁለት ዓመት ያየችውን ጀርባ።

አፏ እሷን አላስፈቀዳትም።

«ወራጅ አለ!»

ድምፅዋ ዳሞታ ድረስ ተሰማ ይባላል። የኤልሳዕ እጅ ነዳጁን ለቀቀ፣ መሪው ከግራ ወደ ቀኝ ጠርዝ ዞረ፣ እግሩ ፍሬኑን ረገጠ። ባጃጇ ሽቅብ የተነሳው ጎማዋ መሬት ላይ «ዱብ!» አለና፣ ሣሩ ውስጥ ተንሸራታ ቀጥ ብላ ቆመች። መልካሙ ፊቱን በጭቃ እንደተለሰነ «ምን ሆነ? ምን ሆነ?» ይላል።

ኤልሳዕ ብቻ ቢቆም ጥሩ ነበር። የጥሩዬ እግር ግን ጥሪው ከማን አፍ እንደወጣ የሚያጣራ እግር አይደለም፤ እሱም ረገጠ። አሮጊቷ በቀኝ ጠርዝ፣ ከቀዩዋ ኋላ ቆመች፤ አስላ አስላ ጠፋች። ከኋላ የሚመጡት ሦስቱም ያንኑ ሰሙ። አንድ በአንድ ጠርዝ ይዘው፣ ሥነ ሥርዓት ባለው መንገድ፣ ልክ እንደ መነኻሪያ ተራ ተደርድረው ቆሙ።

ትዕዛዝ ዓይኗን ገለጠች።

«ደረስን እንዴ?» አለችና ወረደች።

ያኔ ነው ከዳገቱ «ደደደደደደ» የሚል ድምፅ የመጣው። የቦምቤው ዳልጮ ነው። በማርሚታው ጩኸት እንኳን ወራጅ፣ ነጎድጓድ አይሰማም። በተደረደሩት ባጃጆች ጎን አለፈ። ለምን እንደቆሙ አልገባውም፤ ጨዋ ሰው ስለሆነ ግን ለሁሉም እጁን እያነሳ ሰላም አላቸው። ጥሩዬ ማስነሻውን አንዴ ሳበች፣ ሁለቴ ሳበች፤ አሮጊቷ ቅር ብሏታል። ዳልጮ መስመሩን አለፈ። ሰዉ ሲጮህለት ግን አልቆመም፤ የሚቀረው ዙር ያለ መስሎት እንደገና ዳገቱን ተያያዘው። ሁለት ሰዎች በሩጫ ተከትለው ነው ያሸነፈ መሆኑን የነገሩት። «አቤት?» አለ።

ኤርሳዶ ባርኔጣውን በእጁ ጨምድዶ እየሮጠ መጣ።

«ማጭበርበር ነው! ወራጅ ብላ አስቆመችው! ዳኛ፣ የታለ ዳኛ?»

አብርሃም ከበርሜሉ ወርዶ መጣ። «ወይዘሮ ጥሩዬ፣ ጮኸዋል?»

«ጮኼያለሁ።»

«ለምን?»

ጥሩዬ የአሮጊቷን ማስነሻ እንደገና ሳበች። ኤልሳዕ ነው የመለሰው።

«ባትጮህ ኖሮ እኔና መልካሙ አሁን ከባጃጇ ሥር ነበርን» አለ። «ማለፍ ትችል ነበር። መንገዱ ክፍት ነበር። ሁላችሁም አይታችኋል።»

«እኔ ጥፋት የለብኝም!» አለ መልካሙ። «ቀኝ አለኝ፤ ቀኝ ሄድኩ!»

ከገመዱ ማዶ ሰዉ ሁሉ በአንድ ድምፅ፣ «ኤልሳዕ ቀኝ ካለማ ግራ ነዋ!» አለ፤ ሜዳው በሳቅ ተናወጠ።

ኤርሳዶ ግራ ተጋብቶ ዞር ዞር አለ። «ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው? ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አዲስ ባጃጅ የገዛ ሰው ምን ይነገረዋል ብለን ነው» አለች ትዕዛዝ። ኤርሳዶም መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ፣ ከዚያ የመልካሙን የጭቃ ፊት አየና ሳይወድ በግዱ ሳቀ።

አብርሃም ፈረደ። ወራጅ ማለትን የሚከለክል ደንብ የለም፤ የጮኸችውም ራሷ ቆማለች፤ ስለዚህ ያልቆመው ዳልጮ አሸናፊ ነው። ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ግን ሜዳው ላይ ወራጅ ማለት ፈጽሞ ክልክል ይሆናል።

ጥሩዬ ዋንጫውን ራሷ ከጋራዡ አመጣችው። በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችው፣ አንዴ ደግማ ወለወለችው፣ ከዚያ ለዳልጮ ሰጠችው።

«ዘይት አጠገብ አታስቀምጠው» አለችው። «ዝናብም እንዳይነካው።»

«አቤት?» አለ ዳልጮ።

የጊፋታ ዋዜማ መጣ። ቂም ይዞ መሻገር ነውር ነው፤ የተጣላ ሁሉ በዚያ ቀን ይፈላለጋል። ጥሩዬ ግን ከቤቷ አልወጣችም። «እሱ ነው የሄደው፤ እሱ ይምጣ» ብላ እምቢ አለች። ሥጋው ተከትፎ፣ ከእንሰት የተሠራው ሙቹዋ በቅቤ ተለውሶ፣ ትዕዛዝ ያመጣችው ዳጣ ከጎኑ ተቀምጦ፣ ሁለቱ ሴቶች በሩን እያዩ ተቀመጡ። ትዕዛዝ አንዴ ልትጎርስ እጇን ብትሰድ፣ «ቆይ» ብላ መታቻት።

ኤልሳዕ ቅቤ በቅጠል ጠቅልሎ ይዞ ገባ። ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዛ አስቀመጠችው።

«ኤርሳዶ አባረረህ?»

«ኧረ ቆይ ነው ያለኝ። ባጃጇም የአንተ ናት ብሏል። ፎቶዬም ተሰቅሏል።»

«አይቼዋለሁ። አፍንጫህ ተጣሟል።»

«እትዬ፣ መመለስ እፈልጋለሁ።»

«ማሸነፍ እፈልጋለሁ አላልክም? እዚያ እኮ ታሸንፋለህ። ወላይትኛ የሚችል ሚዛን ይፈልግልህና ታሸንፋለህ።»

«አሁንም እፈልጋለሁ። ግን ያን ቀን መስታወት ውስጥ አይቼሻለሁ፤ ቀዳዳውን እንዳየሽው አይቻለሁ። ለእኔ እንዲያ የሚጮህልኝ ሰው ሌላ ቡድን ውስጥ የለም። ካሸነፍኩም ከዚህ ሆኜ ላሸንፍ።»

ትዕዛዝ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። ጥሩዬ ግን ፊቷን አላለሰለሰችም።

«ችግር አለ» አለች። «ሹፌር አለኝ።»

«ማን?»

«እኔ ነኛ! ሁለተኛ ነበርኩ፤ ባልቆም ኖሮ አንደኛ ነበርኩ። መሪዬን ለማንም አልሰጥም።»

ኤልሳዕ ወደ ትዕዛዝ አየ፤ ትዕዛዝ ሳቋን ለማፈን ከንፈሯን ነክሳለች።

«ከኋላ ግን ቦታ አለ» አለች ጥሩዬ።

«እኔ? ሚዛን? ሁለት ዋንጫ የበላሁ ሹፌር?»

«እኔ ሁለት ዓመት ከኋላ ተንጠልጥያለሁ። አሁን ያንተ ተራ ነው። መነኻሪያ ስትሠራ ተራ መጠበቅ አልተማርክም?»

«ውሰደው ወንድሜ፣ ውሰደው!» አለች ትዕዛዝ። «እኔ ዳግመኛ ያቺን ነገር አልረግጣትም። ማርያምንም አሰልችቻታለሁ።»

ኤልሳዕ የራሱን ክንድ አየ፤ የሸንበቆ ያህል ነው። «እትዬ፣ ክብደት የለኝም እኮ።»

ጥሩዬ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋችው። የሙቹዋውን ትልቁን ቁራጭ፣ ከላዩ ሥጋውን፣ ከላዩ ቅቤውን ጫነችበት።

«ክብደት በመብላት ይመጣል፤ ዓመት ሙሉ አለን» አለች። «በል ብላ። ያን በግራህ ያለውን ዳጣ ደግሞ አቀብለኝ።»

ኤልሳዕ እጁን ወደ ቀኝ ዘረጋ፤ ባዶ መሬት ዳሰሰ።

ሦስቱም እጁን አዩት። መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው።

«ሀዲርሳ!» አለችው ጥሩዬ። ወዲያው አቀበላት።